«በጄፒጂ ላኩልን» ከምትሉ «እንዳለ ላኩልን» በሉ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በመታሰቢያና በምስጋና ገጾቻችሁ ላይ ጎን ለጎን የሚወጡ ሁለት ፎቶዎችን ልብ ብሎ ያየ ሰው ልዩነቱ አይጠፋውም። አንደኛው ጥርት ከማለቱ የተነሳ የሽበቱ ዘለላ ይቆጠራል፤ የሌላኛው ፊት በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ተሸንሽኖ አገጩ ከአንገቱ አይለይም። ብዙ አንባቢ ጥፋቱን ማተሚያ ቤቱ ላይ ይጥላል። ግን ሁለቱም የታተሙት በአንድ ወረቀት፣ በአንድ ቀለም፣ በአንድ ሌሊት ነው። የተበላሸው ፎቶ እናንተ እጅ ሲገባም የተበላሸ ነበር። ለዚህም በማስታወቂያ መቀበያ ቅጻችሁ ግርጌ ያለችው «ፎቶውን በጄፒጂ ላኩልን» የምትል መስመር ድርሻ አላት ብለን እናምናለን። እናንተን ነጥለን መውቀሳችን አይደለም፤ ኮሌጁም ቀጣሪውም የሚጽፈው ይህችኑ ነው።

መስመሯ የፋይሉን ዓይነት ትጠይቃለች። ምን ያህል ፒክስል (ፎቶው የተሠራባቸው የቀለም ነጥቦች) እንደሚያስፈልግ፣ ከየትኛው ቅጂ እንደሚወሰድ፣ በምን መንገድ እንደሚላክ ግን ዝም ትላለች። ስልኩ በጄፒጂ የማያስቀምጥ ሰው ይህችን ሲያነብ ከሦስት አንዱን ያደርጋል፦ ወይ የፋይሉን ስም መጨረሻ ቀይሮ ይልካል፣ ወይ ፎቶውን ከፍቶ ስክሪንሹት ያነሳዋል፣ ወይ ጎግል መጀመሪያ ያመጣለትን «ነጻ መለወጫ» ድረ ገጽ ከፍቶ ይጭነዋል። የመጀመሪያው ከነጭራሹ አይሠራም። ሁለተኛው ይሠራል፣ ፎቶውን ግን ይገድለዋል። ሦስተኛውም ይሠራል፤ ፎቶው ማን ጋ እንደቀረ ግን የሚያውቅ የለም።

ስም መቀየሩን እናስቀድም። ጆንያ ላይ «ማኛ ጤፍ» ብሎ መጻፍ ውስጡ ያለውን ስንዴ ጤፍ አያደርገውም። ፎቶ የሚከፍቱ ፕሮግራሞች አብዛኞቹ ፋይሉን የሚለዩት በመጀመሪያዎቹ ባይቶቹ፣ ማለትም ፋይሉ በተጻፈባቸው ቁጥሮች ነው። ጄፒጂ ሁልጊዜ በ255፣ 216፣ 255 ይጀምራል፤ ፒኤንጂ በ137፣ 80፣ 78፣ 71፤ ዌብፒ በ82፣ 73፣ 70፣ 70፤ የአይፎኑ ሄይክ ደግሞ ከ5ኛው ባይት ጀምሮ 102፣ 116፣ 121፣ 112 ይላል። ስሙ ጄፒጂ፣ ሆዱ ሄይክ የሆነ ፋይል ባለቤቱ ስልክ ላይ ይከፈታል፤ ስልኩ ሆዱን አይቶ ያውቀዋልና። የማመልከቻ ቅጽ ላይ ሲጫን ግን «ፋይሉ ትክክል አይደለም» ተብሎ ይመለሳል። «እኔ ጋ እኮ ይከፈታል» የሚለው ሰው ውሸቱን አይደለም። ስም መቀየር ብቻ የሚበቃበት አንድ ቦታ አለ። ዊንዶውስ ላይ ከብራውዘር የወረደ ፎቶ አንዳንዴ ቅጥያው፣ ማለትም የስሙ መጨረሻ፣ ጄፊፍ ሆኖ ይቀመጣል፤ ጄፊፍ ራሱ ጄፒጂ ስለሆነ ቅጥያውን በጄፒጂ መተካት ብቻ ነው። ችግሩ ዊንዶውስ ሲገጠም ቅጥያዎቹን የሚደብቅ መሆኑ ነው። በዊንዶውስ 11 ፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ ቪው፣ ሾው፣ ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ የሚለውን ካላበሩት፣ ጄፒጂ ያደረጉት መስሏችሁ የፋይሉ ሙሉ ስም «ፎቶ ነጥብ ጄፒጂ ነጥብ ሄይክ» ሆኖ ይቀራል።

ስክሪንሹቱ የባሰ ጎጂ የሆነው የተሳካ ስለሚመስል ነው። ብዙ አይፎኖች የሚያነሱት ፎቶ 4032 በ3024 ፒክስል ነው፤ 12 ሚሊዮን ይሆናል። ስክሪኑ 1080 ፒክስል ስፋት ያለውን ስልክ አቁሞ በመያዝ፣ በአግድም የተነሳ ፎቶ ከፍቶ ስክሪንሹት ያነሳ ሰው የሚያገኘው 1080 በ810 የሆነ ምስል ነው፤ 875 ሺህ ፒክስል ገደማ። ከ14 እጅ የተረፈው አንዱ ብቻ ነው ማለት ነው። ከላይና ከታች ጥቁር መደብ፣ ከጥቁሩም ላይ ሰዓቱና የባትሪው ምልክት አለ። ላኪው ይህን ቆርጦ ያስተካክልና በቴሌግራም ይልከዋል። ቴሌግራም ደግሞ በተለመደው አላላክ፣ በፎቶ መልክ የሄደን ትልቅ ምስል ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ፒክስል አውርዶ እንደ አዲስ በጄፒጂ ያምቀዋል፤ ማለትም ፋይሉ እንዲቀል ከምስሉ ጥቂት መረጃ ይጥላል። ስክሪንሹቱ ከዚያ ስላነሰ መጠኑ ላይቀነስ ይችላል፣ መታመቁ ግን አይቀርለትም።

ቴሌግራምን ግን ከሚገባው በላይ አንውቀሰው። የጋዜጣ ወረቀት ቀለም ስለሚመጥ ፎቶ የሚታተምበት ነጠብጣብ ደቃቅ አይደለም፤ በኢንች ከ85 እስከ 100 መስመር ነው። ለዚህ በኢንች 200 ፒክስል ያለው ፎቶ ይበቃል። ለአንጸባራቂ መጽሔት የሚባለው 300 እዚህ ግዴታ አይደለም። ስለዚህ 1280 ፒክስል በ200 ሲካፈል 6.4 ኢንች፣ ማለትም 16 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አንድ ጊዜ ብቻ በቴሌግራም ያለፈ፣ ያልተቆረጠ የአንድ ሰው ፎቶ ለመታሰቢያ ዓምድ ከበቂ በላይ ነው።

ጉዱ የሚመጣው ሲቆረጥ ነው፤ የመታሰቢያ ፎቶ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሰርግ ወይም ከምርቃት የቡድን ፎቶ ላይ ተቆርጦ የሚወጣ ነው። ስሌቱ ይህን ይመስላል። 4032 ፒክስል ስፋት ባለው የቡድን ፎቶ ላይ የአንድ ሰው ጭንቅላት 200 ፒክስል ቢይዝ፣ ከትከሻው ጋር ሲቆረጥ 500 ያህል ይሆናል። 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላለው ዓምድ የሚያስፈልገው 394 ፒክስል ስለሆነ ከዋናው ቅጂ ቢቆረጥ ያምርበታል። ያው ፎቶ በቴሌግራም አልፎ 1280 ከሆነ በኋላ ግን ያው ሰው ከነትከሻው 160 ፒክስል ብቻ ነው። 160 ፒክስል በወግ የሚታተመው በ2 ሴንቲ ሜትር ነው። የገጽ አቀናባሪው ወደ 5 ሲስበው እያንዳንዱ የእመቃ አራት ማዕዘን አብሮ ያድጋል፤ አንባቢው ፊቱ ላይ የሚያየው ሽንሽን ያ ነው። በዚህ ጊዜ «ፎቶ ያጠራል» የሚባለውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያ መጠቀም ሲለመድ እያየን ነው፤ እኛ አንመክርም። ፕሮግራሙ የጠፋውን ዓይን መልሶ አያገኘውም፣ ከሌሎች ሰዎች ዓይን የተማረውን ይስልበታል። ለሸቀጥ ማስታወቂያ ያስኬድ ይሆናል፤ ለቀስተኛ ቤተሰብ ግን አባቱን በሌላ ሰው ዓይን ማየት የለበትም።

ቤተሰቡ እጅ ያለው የታተመ ጉርድ ፎቶ ብቻ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው። 3 በ4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉርድ ፎቶ በስካነር በኢንች 300 ሲነበብ 354 በ472 ፒክስል ይወጣዋል፤ ለ5 ሴንቲ ሜትር ዓምድ እንኳ ይጎድላል። በ600 ሲነበብ 709 በ945 ይሆናል፣ 8 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢወጣ የሚያስፈልገውን 630 ያልፋል። ከ600 በላይ መሄድ የወረቀቱን ጭረትና አቧራ ከማጉላት ውጪ እምብዛም ጥቅም የለውም። የስካነሩን ውጤት ቲፍ ወይም ፒኤንጂ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ጭረቱን እዚያው ላይ ማጽዳት፣ ጄፒጂ ማድረጉን ለመጨረሻ ማቆየት ነው። ፎቶውን በስልክ ካሜራ ማንሳት ካልቀረ ከመስኮት በጎን የሚመጣ ብርሃን ላይ፣ ፍላሹን አጥፍቶ፤ አንጸባራቂ ወረቀት ፍላሽ ሲያገኘው ግንባሩ ላይ ነጭ ጠባሳ ያወጣል፣ ያን ደግሞ የትኛውም ለውጥ አያስለቅቀውም።

ለመጨረሻ ማቆየት ያልንበት ምክንያት ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ደረጃው የወጣለት ጄፒጂ ምስሉን 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ሳጥኖች ይከፋፍለውና በየሳጥኑ ውስጥ ዓይን ብዙም የማያስተውለውን ደቃቅ ለውጥ ይጥላል። የተጣለው አይመለስም። ያንኑ ፎቶ በዚያው ጥራት ደጋግሞ ማስቀመጥ ብዙ ሰው እንደሚፈራው አይደለም፤ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጊዜያት በኋላ ጉዳቱ ቀስ ይላል። በጣም የሚጎዳው በመሃል መቁረጥና መጠን መቀየር ሲገባበት ነው። ፎቶው ከግራ በ3 ፒክስል ሲቆረጥ የቀድሞዎቹ ሳጥኖች ከአዲሶቹ ጋር ስለማይገጥሙ፣ አሮጌው ስፌት በአዲሱ ሳጥን መሃል ይገባና ፕሮግራሙ ስፌቱን ራሱን እንደ ምስል ቆጥሮ ያስቀምጠዋል። ጄፒጂን ወደ ፒኤንጂ መልሶ «ጥራት መጨመር»ም ከንቱ ነው። ፋይሉ ብዙ እጥፍ ያብጣል፣ ሽንሽኑ ግን እንዳለ ይቀመጣል፤ ያውም አሁን በታማኝነት። ወደ ጊፍ መለወጥማ አይወራም፤ ጊፍ በአንድ ምስል ከ256 በላይ ቀለም ስለማይዝ የሰው ቆዳ ላይ እንደ ካርታ መስመር ያሰምርበታል።

ጥራቱን ስንት እናድርገው ለሚል፦ ከ100 ለሚቆጥሩ ፕሮግራሞች ከ85 እስከ 92 ለፎቶ ጥሩ ነው። ከ95 በላይ ፋይሉ ያብጣል እንጂ ዓይን የሚያየው ልዩነት ጥቂት ነው፤ ከ70 በታች ሰማዩና ጉንጩ ላይ ሳጥኖቹ ይወጣሉ። የአንዱ ፕሮግራም 80 የሌላው 80 እንዳልሆነ ግን ይታወቅ፤ ፎቶሾፕ ሴቭ ሲያደርግ የሚቆጥረው ከ12 ነው።

ጽሑፍ ያለበት ምስል ለብቻው ትኩረት ይፈልጋል፤ ለአማርኛ ደግሞ ይበልጥ። ሰ እና ሸ፣ ነ እና ኘ፣ ተ እና ቸ የሚለያዩት ራስ ላይ ባለች አንዲት ሰረዝ ነው። የስም ፊደላት 20 ፒክስል ቁመት ባላቸው የዲግሪ ወይም የልደት ምስክር ወረቀት ቅጂ ላይ ያቺ ሰረዝ ውፍረቷ 2 ፒክስል ቢሆን ነው። ጄፒጂ የሚጥለው ደግሞ እንዲህ ያለውን ድንገተኛ የጥቁርና ነጭ ድንበር ነው፤ በፊደሉ ዙሪያ እንደ ትንኝ የሚርመሰመስ ግራጫ ነጠብጣብ ይበትንና ሰረዟ ከነጠብጣቡ ጋር ትዋሃዳለች። ክብ ማኅተሙ ላይ የባሰ ነው። አብዛኛው ጄፒጂ የቀለም መረጃን በቁመትም በወርድም በግማሽ ቀንሶ ስለሚይዝ 4 ፒክስሎች አንድ ቀለም ይጋራሉ፤ ሰማያዊው ማኅተም ከጥቁሩ ጽሑፍ ጋር የተደራረበበት ቦታ ይጨቀያል። ስለዚህ ሰነድ በኢንች 300 ተነብቦ ፒኤንጂ ይሁን፣ ወይም ከስካነሩ በቀጥታ ፒዲኤፍ። በ300 የተነበበ ኤ4 ገጽ 2480 በ3508 ፒክስል ነው። ሳይታመቅ በሙሉ ቀለም 26 ሜጋባይት፣ በግራጫ 8.7፣ በጥቁርና ነጭ ብቻ ደግሞ 1.1 ሜጋባይት ይመዝናል። «ፋይሉ ከበደ» ሲባል መጀመሪያ መቀነስ ያለበት ቀለሙ ነው፤ ማኅተም የሌለበትን ገጽ በግራጫ ማንበብ ሦስት እጥፍ ያቀልለዋል፣ አንዲት ሰረዝም አትጠፋም።

የድርጅት አርማ ሲላክላችሁ ጥቁር መደብ ላይ ተቀምጦ የሚመጣውም ከዚሁ ወገን ነው። አርማው በፒኤንጂ ሲሠራ መደቡ ግልጽ፣ ማለትም ከሥሩ ያለውን የሚያሳይ ነበር፤ ጄፒጂ ግልጽነትን መያዝ አይችልም። ለዋጩ ፕሮግራም ግልጽነቱን ሲያነሳው ከሥር የተደበቀው ቀለም ይወጣል፣ እሱም ብዙ ጊዜ ጥቁር ነው። መፍትሔው ከመለወጥ በፊት ከሥሩ ነጭ መደብ ማንጠፍ ነው፤ ከተቻለ ደግሞ አርማን ከናካቴው ጄፒጂ አለማድረግ።

ሁለት ጥቃቅን ነገሮች እንጨምር። ስልኩ ላይ ቀጥ ብሎ የሚታይ ፎቶ ከተለወጠ በኋላ የሚጋደመው፣ ስልኩ ፒክስሎቹን ሳያዞር «ሲታይ 90 ዲግሪ ይዙር» የሚል ማስታወሻ ብቻ ፋይሉ ውስጥ ስለሚጽፍ ነው። ለዋጩ ማስታወሻዋን ሲጥላት ፎቶው እንደተነሳው ይጋደማል። ስለዚህ መጀመሪያ ማዞር፣ ከዚያ ማስታወሻውን ማጥፋት። ቀለሙ የሚደበዝዘው ደግሞ አዳዲስ አይፎኖች ከተለመደው ኤስአርጂቢ የሰፋ የቀለም ክልል ስለሚጠቀሙ ነው፤ የቀለም ፕሮፋይሉ (ቀለሙ በየትኛው ክልል እንደሚነበብ የሚናገረው መረጃ) ሳይለወጥ ዝም ብሎ ከተጣለ ቀዩ ይደበዝዛል። ወደ ኤስአርጂቢ ለውጦ ማስቀመጥ ይበቃል።

አሁን ወደ አይፎኑ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2017 የአይፎኑን ሥርዓተ ክወና አይኦኤስ 11ን ሲያወጣ ከአይፎን 7 ጀምሮ ያሉ ስልኮች ፎቶን በሄይክ እንዲያስቀምጡ አደረገ። ተመሳሳይ ጥራት ላለው ፎቶ ከጄፒጂ ግማሽ ያህል ቦታ ስለሚይዝ መጥፎ ውሳኔ አልነበረም። ከአሁን በኋላ ጄፒጂ ብቻ የሚፈልግ ሰው ሴቲንግስ፣ ካሜራ፣ ፎርማትስ ገብቶ ሞስት ኮምፓቲብል የሚለውን ይምረጥ፤ የቀድሞዎቹን ፎቶዎች ግን አይነካቸውም። ለቀድሞዎቹ በአይኦኤስ 16 እና ከዚያ ወዲህ ባለው፣ ፎቶውን ፋይልስ ወደሚባለው መተግበሪያ ሴቭ አድርጎ፣ ጣት ጫን አድርጎ በመያዝ ኩዊክ አክሽንስ፣ ቀጥሎ ኮንቨርት ኢሜጅ፣ ጄፔግ፣ መጠኑን ኦሪጅናል ማለት ነው። ኢንተርኔትም ሌላ መተግበሪያም አይጠይቅም።

በገመድ ወደ ዊንዶውስ ኮምፒውተር ሲገለበጥ መሃል ላይ ስህተት ብሎ የሚቆመውም የታወቀ ነው። ስልኩ እየገለበጠ በዚያው ወደ ጄፒጂ ሲለውጥ ይቋረጣል። በስልኩ ሴቲንግስ ውስጥ (በአይኦኤስ 18 እና ከዚያ ወዲህ ባለው አፕስ በሚለው ውስጥ) ፎቶስ የሚለው ታች፣ ትራንስፈር ቱ ማክ ኦር ፒሲ ላይ ከአውቶማቲክ ወደ ኪፕ ኦሪጅናልስ ሲቀየር ግልበጣው ያልቃል፤ ፋይሎቹ ሄይክ ሆነው ይደርሳሉ፣ መለወጡ ኮምፒውተሩ ላይ ይሆናል። የሳምሰንግ ባለቤቶችም በካሜራቸው ሴቲንግ ውስጥ ሃይ ኢፊሸንሲ ፒክቸርስ የሚለው በርቶ ከሆነ ያው ሄይክ ነው የሚያስቀምጡት።

ቅጽ እንዴት መጻፍ እንዳለበት ምሳሌ ቢፈለግ፣ አገራችን ውስጥ ስንቱ ፎቶ ቤትና ኢንተርኔት ካፌ በቃሉ የሚያውቀው የዲቪ መመሪያ አለ። ለዓመታት የጠየቀው በቁጥር ነው፦ ካሬ የሆነ፣ ከ600 በ600 እስከ 1200 በ1200 ፒክስል፣ ከ240 ኪሎባይት ያልበለጠ፣ ባለ 24 ቢት ቀለም፣ ጄፒጂ። በዚህ ላይ እመቃው ከ20 ለ1 አይለፍ ይላል። 600 በ600 ሳይታመቅ 1 ሚሊዮን 80 ሺህ ባይት ስለሆነ ከ54 ኪሎባይት በታች የወረደ ፋይል ከልክ በላይ ታምቋል ማለት ነው። ሁለት ስህተት ደጋግሞ ይታያል። አንዱ፣ 1200 ፒክስል ያለው ፎቶ 240ን አልፎ ሲገኝ ጥራቱን ወደ 40 መጣል፤ መደረግ ያለበት ወደ 600 ፒክስል ማውረድ ነው፣ ጥራቱ 90 ሆኖ እንኳ በሰፊው ይገባል። ሌላው፣ ቁመቱ የሚበልጥን ፎቶ ሳይቆርጡ ፔይንት ላይ የመጠን ጥምርታውን መጠበቂያ አንስቶ 600 በ600 ማለት፤ ፊቱ እንደ ድፎ ዳቦ ይሰፋል። መጀመሪያ ካሬ አድርጎ መቁረጥ፣ ከዚያ ማሳነስ። ፔይንት ጥራት አያስመርጥም፤ በዊንዶውስ 11 ያለው ፎቶስ ግን ሪሳይዝ ኢሜጅ በሚለው ውስጥ ፒክስሉንም፣ ጥራቱንም፣ የፋይሉን ዓይነትም አንድ መስኮት ላይ ያስመርጣል።

«ነጻ መለወጫ» ወደሚሉት ድረ ገጾች እንመለስ። የውሻ ፎቶ ቢጭኑባቸው ግድ የለም። ፓስፖርት፣ ፋይዳ፣ የባንክ ደብተር ሲጫን ግን ሰነዱ የት እንዳለ ባልታወቀ አገልጋይ ኮምፒውተር ላይ አንድ ቅጂ ሊተው ይችላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ቢኖረንም ባለቤቱ ማን እንደሆነ የማይታወቅ ድረ ገጽ ላይ ማን ማንን ይከሳል? ሁሉም ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። ጎግል የሠራው ስኩሽ ለምሳሌ ምስሉን ወደ የትም ሳይልክ እዚያው ብራውዘሩ ውስጥ ይለውጠዋል። አንድ ድረ ገጽ የትኛው ወገን እንደሆነ ማወቂያው ቀላል ነው፦ ገጹ ከተከፈተ በኋላ ዳታውን ወይም ዋይፋዩን ማጥፋት፣ ለሙከራ ምንም ምስጢር የሌለበት ፎቶ ማስገባት። ኢንተርኔት ሳይኖር ከለወጠ ፎቶው ከእጅዎ አልወጣም። ከቆመና ከተንከራተተ ሰነድ አይስጡት። እዚያው ብራውዘሩ ውስጥ በሚለውጠው ከተጠቀሙ የዳታ ፓኬጅዎም አንዴ ለመጫን አንዴ ለማውረድ ሁለት ጊዜ አይበላም።

እንግዲህ ከእናንተ የምንጠይቀው መለወጡን ከላኪው ላይ እንድታነሱ ነው። ፎቶው በስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚወጣ የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ላኪው አያውቅም፣ ስለዚህም በግምት ያሳንሰዋል፣ ወይ በግምት ያምቀዋል። ግራፊክስ ክፍላችሁ ሄይክም ይምጣ ዌብፒ መቶውን ፋይል በአንድ ጊዜ መለወጥ ይችላል። ኤክስኤን ኮንቨርትና ኢርፋንቪው ይህን ይሠራሉ፤ ኢርፋንቪው ላይ ቢ የምትለዋን ፊደል መጫን የጅምላ መለወጫውን ይከፍታል፣ ሄይክ እንዲያነብ ግን ተጨማሪ ፕለጊኖቹ መጫን አለባቸው። ሁለቱም በነጻ የሚፈቀዱት ለግል አገልግሎት እንጂ ለድርጅት ስላልሆነ ፈቃድ መግዛት ያስፈልጋል፤ መክፈል ካልተፈለገ ኢሜጅማጂክና ጊምፕ ለሁሉም ነጻ ናቸው። ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ በማስታወሻው መሠረት ማዞር፣ ወደ ኤስአርጂቢ መለወጥ፣ ግልጽ መደብ ካለ ከሥሩ ነጭ ማንጠፍ፣ መቁረጥ፣ መጠኑን በኢንች 200 ወደሚሆነው ማውረድ፣ በመጨረሻም ጄፒጂ 90። ለኅትመት የሚሄደውን ማተሚያ ቤቱ በሚጠይቀው የሲኤምዋይኬ (የአራቱ የኅትመት ቀለሞች) ፕሮፋይል ለብቻ አውጡት፤ የሲኤምዋይኬ ጄፒጂ በስህተት ድረ ገጽ ላይ ሲወጣ ፊት አረንጓዴ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ዋናው ፋይል በሌላ ፎልደር ሳይነካ ይቀመጥ፤ የሙት ዓመቱ ሲደርስ ቤተሰቡ ያንኑ ፎቶ ይዞ ይመጣልና።

የፋይል ስምን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ። የግእዝ ፊደል በፋይል ስም መጠቀም የሚከለክል የለም፤ ግን በተለመደው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። የሊኑክስ አገልጋዮች ለአንድ ስም የሚፈቅዱት 255 ባይት ስለሆነ ከ85 ፊደል ያለፈ ስም አይቀበሉም። «የአባታችን የ40 ቀን መታሰቢያ ፎቶ የመጨረሻው የተስተካከለው» እያሉ ማስረዘም እዚህ ያስቸግራል።

በፋይል መልክ የሚላክ ፎቶ ሌላም ነገር ይዞ ይመጣል፦ የተነሳበትን ቀንና፣ ስልኩ ላይ ከበራ፣ የተነሳበትን ቦታ ትክክለኛ መጋጠሚያ። ፎቶው ቤት ውስጥ የተነሳ ከሆነ የለቅሶ ቤቱ አድራሻ ማለት ነው። ፎቶውን ድረ ገጻችሁ ላይ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን መረጃ የማጥፋቱ ኃላፊነት የእናንተ ይሆናል፤ ከላይ ያልናቸው ፕሮግራሞች ሲለውጡ አብረው እንዲያጠፉት ማዘዝ ይቻላል።

በቅጻችሁ ግርጌ ላለችው መስመር ምትክ ይህችን እንድታትሙ እንጠይቃለን፦ «ፎቶውን ሳትቆርጡና ሳትለውጡ፣ ካነሳው ስልክ ወይም ካሜራ እንደወጣ፣ በቴሌግራም የአግራፍ ምልክቷን ነክታችሁ ፋይል የሚለውን በመምረጥ ላኩልን። ከቡድን ፎቶ የሚወጣ ከሆነ ሙሉውን ልካችሁ ሰውዬውን በጽሑፍ ንገሩን፤ እኛ እንቆርጠዋለን። ያላችሁ ጉርድ ፎቶ ብቻ ከሆነ ይዛችሁ ኑ፤ አንብበን ወዲያው እንመልስላችኋለን።»

ከአክብሮት ጋር፣
በፎቶግራፍና በኅትመት ዝግጅት ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች
አዲስ አበባ